ዲናሞ ከመቀየራችሁ በፊት የኔጋቲቭ ገመዱን ለኩ

ቪትዟ አንዳንድ ጠዋት «ጠቅ» ብላ ዝም ትላለች። ሌላ ቀን ግን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ማታ ወደ ወንጂ ስወጣ፣ መንገዱ ጎርበጥ ሲል የፊት መብራቱ ይደክማል። ጋራዥ ስትደርስ ደግሞ ጤነኛ ነች! አዳማ ያለ አንድ ባለሙያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) እንኳ ሳያወጣ «ዲናሞ ቀይር» አለኝ፤ ሞተር ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ማለቱ ነው። የዲናሞ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም።

ቴስተር ተውሼ ራሴ ለካሁ። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት ነው። ሞተር ተነስቶ 14.2። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። መብራት አብርቼ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ነቅነቅ ሳደርገው ግን ወደ 12.7 ወረደ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጉ። ሞተር እየሠራ፣ መብራት በርቶ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። የኔ ሲነቀነቅ 1.5 አነበበ። ዲናሞው በደንብ ያመርታል፣ ባትሪው ጋ ግን አይደርስም።

ገመዱ ላዩን ሲያዩት ምንም አይልም። የጎማ ሽፋኑን ስገፈው ከጫፉ ማሰሪያ ሥር መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፤ የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው። በአዲስ ወፍራም ገመድ ተካሁት። ሞተሩ ላይ የሚታሰርበትን ቦታም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሸሁት። አሁን ብነቀንቀውም 0.05 ነው።

ሞተር እየሠራ ባትሪ ነቅለው ዲናሞ «የሚፈትሹ» አሉ። እሺ አትበሏቸው፤ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።