በዱር በገደል ሕይወት የማቆየት ትርዒቶችን እንዴት እንመልከት? እውነቱን ከማስመሰሉ መለያ መንገዶች

ጎንደር ውስጥ በዲሽ በዓረብኛ ተተርጉመው፣ ከዚያም በዩቲዩብና በቲክቶክ ተቆራርጠው ከሚታዩ የውጭ ፕሮግራሞች መካከል ወጣቱን ቶሎ የሚስቡት፣ አንድ ሰው ብቻውን በዱር በገደል ተጥሎ ነፍሱን ሲያቆይ የሚያሳዩት ናቸው። ሰውየው ጊንጥ ይበላል፣ ከገደል ላይ በገመድ ይወርዳል፣ በዝናብ እሳት ያነዳል፤ ተመልካቹም «ይህ እውነት ነው ወይስ ፊልም?» እያለ ይከራከራል። ክርክሩ መቋጫ የማያገኘው ጥያቄው ስለማይመች ነው። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነ የለም ማለት ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት የሆነውም ጥቂት ነው። ይልቁንስ የተዘጋጀው ነገር የትኛው እንደሆነ፣ ለምን እንደተዘጋጀ፣ መዘጋጀቱም ለተመልካቹ ተነግሮት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ ይህንኑ ለመመርመር የሚረዳ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካሜራው የት ቆሟል?

የመጀመሪያው ሥራ ዓይንን ከባለታሪኩ ላይ አንሥቶ ካሜራው ወዳለበት መላክ ነው። ሰውየው እየተንፏቀቀ ከገደል ሲወጣ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ከሆነ፣ ካሜራ የያዘ ሌላ ሰው ቀድሞት እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ያ ሰው የወጣበት ደግሞ ወይ መንገድ አለ፣ ወይ ገመድ አለ፣ ወይ ሄሊኮፕተር አለ። ካሜራው አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከሰማይ እየተቀያየረ ካሳየ፣ ከካሜራ ባለሙያዎቹ በተጨማሪ ድምፅ ቀራጭ፣ የገመድ ባለሙያና ሐኪም በአቅራቢያው እንዳሉ መገመት ይቻላል። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ሠራተኛን ከገደል እንዲወድቅ የሚፈቅድ አሠሪ የለም። ማታለል የሚሆነው ባለታሪኩ ወደ ካሜራው ዞሮ «ብቻዬን ነኝ» ሲል ነው።

በእውነት ብቻውን የሚቀርጽ ሰው በሥራው ይታወቃል። ካናዳዊው ሌስ ስትራውድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በቀረበው «ሰርቫይቨርማን» በተባለው ፕሮግራሙ ካሜራዎቹን ራሱ ተሸክሞ ራሱን ይቀርጽ ነበር። ከርቀት ተራራ ተሻግሮ ሲሄድ የሚታይበት ምስል ሲያበቃ፣ ካሜራውን የሚያነሣለት ሰው ስለሌለ ተመልሶ መጥቶ መውሰድ ነበረበት፤ ስለዚህ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ይጓዘዋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ፕሮግራም ላይ ምስሉ ብዙ ጊዜ ቆሞ የቀረ፣ አንዳንዴም የተንጋደደ፣ ባለታሪኩም ከምስሉ ወጥቶ የሚጠፋበት ይሆናል። ምስሉ እጅግ ካማረ ጥርጣሬን ማሳደር ተገቢ ነው።

የዋሹት ስለ የትኛው ነገር ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ክርክር የተነሣው በ2007 ነው። ብሪታኒያዊው ቤር ግሪልስ በ«ማን ቨርሰስ ዋይልድ» ፕሮግራሙ ዱር ውስጥ ያድራል ተብሎ ሲታሰብ አንዳንድ ሌሊት ሆቴል ማደሩ፣ ራሱ የሠራው የመሰለውን የእንጨት ታንኳ የቀረጻ ቡድኑ አስቀድሞ አዘጋጅቶት እንደነበር፣ «የዱር ፈረሶች» ተብለው የቀረቡትም ለማዳ ፈረሶች እንደነበሩ ይፋ ሆነ። ጣቢያዎቹም ፕሮግራሙን እንደገና አስተካክለው፣ ባለታሪኩ ከቡድኑ እርዳታ እንደሚያገኝና አንዳንዱ ሁኔታ ለማሳያ የተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ጨመሩበት።

ሕዝቡ በጣም የተቆጣው በሆቴሉ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሆቴሉ ቀላሉ ነው፤ ከባዱ የፈረሶቹ ነው። ሆቴል ማደር ስለ ሰውየው መዋሸት ነው፤ ሰውየው ደግሞ የቀድሞ ወታደር እንደመሆኑና በ1998 ኤቨረስት ተራራ ላይ የወጣ እንደመሆኑ ጥንካሬውን የሚጠራጠር ብዙ አልነበረም። ለማዳውን ፈረስ የዱር ነው ማለት ግን ስለ ምድሩና ስለ እንስሳው መዋሸት ነው፤ ተመልካቹ አገሩን ሄዶ ስለማያየው እንዲህ ያለው ውሸት ለብዙ ዘመን ይኖራል። በ1958 የዋልት ዲዝኒ ድርጅት ባወጣው «ዋይት ዊልደርነስ» በተባለው የተፈጥሮ ፊልም ላይ ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት በጅምላ ራሳቸውን ወደ ባሕር ሲወረውሩ ይታያሉ። በ1982 አንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ፕሮግራም እንዳጋለጠው፣ ቀረጻው የተካሄደው ባሕር በሌለበት በአልበርታ ግዛት ሲሆን እንስሳቱም ከሌላ ቦታ መጥተው በሰው ኃይል የተገፉ ነበሩ። ፊልሙ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ሌሚንግ ራሱን ያጠፋል የሚለው ወሬም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

የእኛ አገር ተመልካች ይህን ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ስለ ስሜን ተራሮች የተሠራ የውጭ ፕሮግራም ሲያገኙ ጭላዳ ዝንጀሮን እንዴት እንዳቀረበው ይመልከቱ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ጠዋት ካደረበት ገደል ወጥቶ ቀኑን የሚያሳልፈው መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነጨ ነው። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ክራንቻውን ሲያሳይ ለሌላ ጭላዳ ማስፈራሪያ መስጠቱ እንጂ ሰው ሊበላ መነሣቱ አይደለም። ይህን ምስል ከመንጋው ነጥሎ፣ የነብር ጉርምርምታ አልብሶ፣ ቀጥሎ የባለታሪኩን የፈራ ፊት ካሳየ ፕሮግራሙ ስለሌላውም አገር እንዲሁ እያደረገ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ድምፅን በተመለከተ በተለይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ የተቀረጸ እንስሳ ሲያኝክ አጠገባችን እንዳለ ሆኖ ከተሰማ፣ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። በጥሩ የተፈጥሮ ፊልሞችም የተለመደ አሠራር ስለሆነ ለብቻው የማታለል ማስረጃ አይሆንም።

በስሜን ብሔራዊ ፓርክ «ብቻዬን ጠፋሁ» የሚል ሰው ካጋጠመም ደባርቅ የሚኖር ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ጎብኚ ወደ ፓርኩ የሚገባው እዚያ ተመዝግቦ፣ ከስካውት ጋር ነውና።

ምድጃውን ያንብቡ

እሳት የሚነድበት ክፍል ለእኛ ከሁሉ የሚቀል መፈተኛ ነው፤ ማገዶ በሚነድበት ቤት ያደገ ሰው ምድጃ ማንበብ ያውቃል። ሰውየው እንጨት በእንጨት ፈትጎ ጭስ አወጣ፣ ቀጥሎ ካሜራው ፊቱን አሳየ፣ ቀጥሎ ነበልባል ታየ እንበል። እዚህ ላይ ምስሉን ያቁሙና ከነበልባሉ ሥር ያለውን ይመልከቱ። አሁን የተያያዘ እሳት ሥሩ ያልተቃጠለ ጭራሮና ገና መጥቆር የጀመረ እንጨት ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ አመድ ከተንጣለለ፣ መካከሉም ወፍራም ፍም ከያዘ ግን እሳቱ ከነደደ ሰዓታት አልፈዋል። በተጨማሪም እንጨት በእንጨት ሲፈተግ የሚወጣው ነበልባል ሳይሆን ጥቁር ብናኝ ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ፍም ናት፤ እሷን በደረቅ ሣር አቅፎ በትዕግሥት እፍ ማለት ያስፈልጋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ፕሮግራም ክብሪት ሳይደብቅ አይቀርም።

ዝናብ ሲዘንብ ውሎ ከሆነ ደግሞ እርጥብ እንጨት ጫፉ ላይ አረፋ ይደፍቃል፣ ሲር ሲር ይላል፣ ዓይን የሚያቃጥል ወፍራም ጭስ ያወጣል። በዶፍ መካከል ያለ ጭስ፣ ያለ አመድ፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ የሚነድ ነበልባል ከታየ ከሥሩ የጋዝ ቱቦ መኖሩን መጠርጠር ነው።

ጥላም እንደ ምድጃ ይነበባል። ባለታሪኩ «ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ አንድ ሰዓት ተጓዝሁ» እያለ ጥላው ከእግሩ ሥር ከተሰበሰበ ቀረጻው የእኩለ ቀን ነው። በሰሜን ካናዳ በእኩለ ቀንም ቢሆን ጥላ ረዘም ስለሚል፣ እዚያ ነኝ የሚል ሰው ጥላው ከእግሩ ሥር ከጠፋ ቦታውም ሌላ ሊሆን ይችላል። ጢም በአንድ ሌሊት ካደገ ወይም ጭቃ የለበሰ ጫማ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ከጸዳ፣ የተለያየ ቀን ቀረጻ አንድ ቀን መስሎ ተቀጥሏል።

ረኀቡን ይመልከቱ

ረኀብ በቀላሉ አይመሰልም። ሁለት ሳምንት ያልበላ ሰው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ንግግሩ ያጥራል፣ ልብሱ ይሰፋዋል፤ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ኃይሉን ይቆጥባል። ከ2015 ጀምሮ በሂስትሪ ቻናል የቀረበው «አሎን» የተባለው ውድድር ከሌሎቹ የተሻለ እምነት የሚጣልበት በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዙር አሥር ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው የመረጡትን አሥር ዕቃ ይዘው በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት ተለያይተው ተቀመጡ፤ ራሳቸውን ራሳቸው ይቀርጹ ነበር፤ ሽልማቱም 500,000 ዶላር ነበር። ያሸነፈው ሰው የቆየው 56 ቀን ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም ብቸኝነት አይደለም፤ ተወዳዳሪው በቃኝ ሲል የሚደውልበት መሣሪያ አለው፣ ሐኪምም እየመጣ ያየዋል፣ በጣም የከሳውን ከውድድር ያስወጣዋል። ልዩነቱ ይህ ሁሉ በግልጽ የሚታይ መሆኑ ነው።

በዩቲዩብ ላይ ሁለት ሰዎች በእጃቸውና በእንጨት ብቻ ቆፍረው የመዋኛ ገንዳ ሲሠሩ የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች ደግሞ በሒሳብ መፈተን ይቻላል። ስድስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ያለው ገንዳ 48 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል፤ ይህም ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ሦስት ጊዜ ሙሉ ጭነት ሲሆን ክብደቱ ከ70 ቶን ያላነሰ ነው። ያ አፈር የት ተከመረ? የቆፋሪዎቹስ መዳፍ ለምን አልቆሰለም? ግድግዳው በገመድ የተለካ ያህል ከቀና፣ አጠገቡም የሰንሰለት ጎማ ፈለግ ካለ፣ የቆፈረው ኤክስካቫተር ነው። ይህን ዓይነት ቪዲዮ ያስጀመረው ከሚባሉት አንዱ አውስትራሊያዊው ጆን ፕላንት በ2015 የከፈተው ገጽ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚሠራው ትንሽ ጎጆ፣ የሸክላ ምድጃና ጡብ ነው፣ ጡቡም አንዳንዴ ይሰነጠቅበታል፣ የተሰነጠቀውንም ያሳያል።

ለሕይወት የሚያሰጋው ማስመሰል

እስካሁን የተነሡት ተመልካቹን ከማሳሳት አያልፉም፤ አንዳንዱ ግን ይገድላል። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ምግብ በማደን ነው፤ እንሽላሊት ማሳደድ ለካሜራ ይመቻል። ሰውነት ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ዝናብ የመታው ሰው በብርድ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ ያለ ውሃ ጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የሰውነት ሙቀት ከ37 ዲግሪ ወርዶ ከ35 በታች ሲሆን አደጋ ነው። በስሜን ከ3000 ሜትር በላይ ባሉት ሰፈሮች ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ እዚያ መንገድ የሳተ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከነፋስ መጠለልና እርጥብ ልብስ ማውለቅ እንጂ ወጥመድ መሥራት አይደለም።

ሽንት መጠጣትም ሆነ ቤር ግሪልስ እንዳሳየው ከዝሆን ፋንድያ ውሃ ጨምቆ መጠጣት አይከተሉት። ሽንት ጨውና ሰውነት የጣለው ቆሻሻ ስላለበት ጥማትን ያባብሳል፤ ፋንድያም ተቅማጥ አምጪ ጀርሞችን ሊይዝ ይችላል፣ ተቅማጥ ደግሞ የቀረውን ውሃ ከሰውነት ያስወጣል። እባብ ሲነድፍ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ ቁስሉን መብጣትና እግርን ጠፍሮ ማሰር በትርዒት ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ሦስቱም ጎጂ ናቸው። የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ ሰውየውን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው የሚሻለው።

ቆላውን በተመለከተም የካሜራ አደጋና የእውነት አደጋ ይለያያሉ። ትርዒት ወደ መተማ ቢወርድ የሚፈልገው እባብና ጅብ ነው፤ በዚያ አካባቢ ሰውን በብዛት የሚያሳምሙት ግን ወባ የምታስተላልፈው ትንኝና ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማዕከል ያቋቋመው በከንቱ አይደለም። አጎበር ግን ለቴሌቪዥን አያምርም።

ከልጆች ጋር ሲመለከቱ «ውሸት ነው» ብለው አይዝጉባቸው፤ ይልቁንስ አንዱን ክፍል አቁመው ካሜራው የት እንዳለ፣ አመዱ ስንት ቀን እንዳስቆጠረ ይጠይቋቸው። ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አያት ካሏቸው ደግሞ አብረው ያዩት ዘንድ ይጋብዟቸው፤ ዝናብ ሲመጣ የት መጠለል እንደሚገባ ከማንም ፕሮግራም አብልጠው ያውቃሉ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጣቢያ አይቀይሩ። በመጨረሻ ቶሎ ቶሎ የሚያልፉትን ስሞች ምስሉን እያቆሙ ያንብቡ፤ የእንስሳት አሠልጣኝ፣ የገመድ ባለሙያ፣ የአካባቢ አስጎብኚ፣ ሐኪም ተብለው የተጻፉት ሰዎች በምስሉ ላይ ባይታዩም ቦታው ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ «አንዳንድ ሁኔታዎች ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ካለ በዚያ መንፈስ መልሰው ይመልከቱት። በቲክቶክ የደረሰዎት ቁራጭ ከሆነ ማሳሰቢያውም ስሞቹም ተቆርጠው የቀሩ ናቸውና፣ ሙሉውን ክፍል ፈልገው ሳያዩ በእሱ ላይ አይፍረዱ።