በሕክምና ኮሌጆች የበጀትና የንብረት ውሳኔ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ የሕክምና ትምህርቱና ሕክምናው የሚገናኙት አንድ አልጋ ላይ ነው። ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከምዕራብ አርሲና ከጉጂ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሕሙማን የሚተኙበት አልጋ ለተማሪው መማሪያው ነው። ስለዚህ አንድ የተሳሳተ የግዥ ወይም የቅበላ ውሳኔ ታካሚውንም ተማሪውንም ይጎዳል። በጀት ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ያለው ገንዘብ ዎርዱን በማያውቁ ሰዎች፣ ከዎርዱ ርቆ መወሰኑ ነው።

ቅበላን በአዳራሽ መለካት

ባለ ሁለት መቶ ወንበር አዳራሽ ስለተሠራ ሁለት መቶ ተማሪ መቀበል ይቻላል ማለት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብቻ ማየት ነው። ተማሪዎቹ ወደ ክሊኒክ ሲወጡ የሚያስፈልጋቸው አልጋ፣ መምህርና ጊዜ ነው። የጠዋት ራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች ከተማሪዎች ጋር ሕሙማንን በየአልጋቸው የሚያዩበት ጉብኝት፣ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ በአንዲት ነፍሰ ጡር አልጋ ዙሪያ ነጭ ጋዋን የለበሱ ብዙ ወጣቶች ይቆማሉ። ከፊት ያሉት ሆዷን ይዳስሳሉ፣ የፅንሱን የልብ ምት ያዳምጣሉ። ከኋላ ያሉት የጓደኞቻቸውን ጀርባ እያዩ የሰሙትን ይጽፋሉ። እናቲቱም በማታውቃቸው ሰዎች ፊት በተደጋጋሚ ትገለጣለች። ከኋላ የቆመው ልጅ ነገ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ሌሊት ብቻውን ማዋለጃ ክፍል ይገባል። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ አይቻልም።

የቅበላ ቁጥር ከመላኩ በፊት እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የአልጋውን፣ የመምህሩንና በወር የሚያስተናግደውን ወሊድና ቀዶ ሕክምና ብዛት ጽፎ ያቅርብ። አልጋ ካነሰ የሐዋሳውን አዳሬ፣ እንዲሁም ይርጋለምና ለኩ ያሉትን ሆስፒታሎች ማስተማሪያ ማድረግ ይቻላል። ስምምነት ሲፈረም ግን የመጓጓዣ፣ የማደሪያና በዚያ ያሉ ሐኪሞች የሚያስተምሩበት ክፍያ አብሮ በበጀት መያዝ አለበት። ካልሆነ ተማሪዎቹ የሚላኩት አስተማሪ ወደሌለበት ነው።

ማሽኑን ገዝቶ አገልግሎቱን መርሳት

በጣም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ማሽን፣ ማለትም ደም የሚመረምር መሣሪያ፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ዕቃው ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ይቆረጥለታል፤ ለግዥ ክፍሉ ጉዳዩ እዚያ ላይ ያልቃል፣ ለላቦራቶሪው ግን ገና መጀመሩ ነው። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ከአምራቻቸው ሪኤጀንት (ለምርመራው የሚጨመር ኬሚካል) ሌላ አይቀበሉም። አቅራቢው አንድ ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በዶላር አንጻር በሳምንታት ውስጥ ግማሽ ያህል ዋጋውን አጥቷል። ርካሽ ማሽን በውድ ሪኤጀንት የገዛ ኮሌጅ ጉዳቱን ያየው ያኔ ነው።

አንድ ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ፕላስቲኩ ሳይገፈፍ ኮሪደር ላይ ቆሞ አይቻለሁ። የጎደለው የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘርና የውሃ ማጣሪያ ነበር፤ ሁለቱም በጨረታ ሰነዱ ላይ አልተጻፉም። አስታማሚዎች የደም ናሙና በእጃቸው ይዘው በማሽኑ አጠገብ እያለፉ ወደ ግል ላቦራቶሪ ይሄዱ ነበር።

ስለዚህ የቴክኒክ መግለጫው ሲዘጋጅ የላቦራቶሪው ኃላፊና የባዮሜዲካል ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀመጡ። ሲወዳደርም የማሽኑ ዋጋ ብቻውን አይታይ፤ የአምስት ዓመት ሪኤጀንት፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠናና ጥገና ተደምሮ ይነጻጸር። ማሽኑን አቅራቢው አስቀምጦ ኮሌጁ ሪኤጀንት ብቻ የሚገዛበት ውልም አለ፤ ብልሽቱ የአቅራቢው ኃላፊነት እንዲሆን በውሉ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ስጦታም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። የዓለም ጤና ድርጅት ልገሳ በተቀባዩ ፍላጎት ላይ እንዲመሠረትና በለጋሹ አገር በጥራቱ ተቀባይነት የሌለው ዕቃ ለሌላው እንዳይላክ በመመሪያው አስቀምጧል። መለዋወጫ የሌለውን ስጦታ አመስግኖ መመለስ ነውር አይደለም።

ሰኔን መጠበቅ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተሠራበት ገንዘብ እንዳይመለስ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወንበር፣ ፕሪንተርና ምንጣፍ ይገዛል፤ ሆስፒታሉ ግን የቀዶ ሕክምና ጓንትና ስፌት ክር ያልቅበታል። መነሻው ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍሎች የፍላጎት ዝርዝር መዘግየት ነው። ዝርዝሩ ጥቅምት ላይ ተጠናቆ ጨረታው ከታኅሣሥ በፊት ከወጣ ሰኔ የክፍያ ወር ብቻ ይሆናል።

ጎበዝ ሐኪምን ያለ ድጋፍ ኃላፊ ማድረግ

ጥሩ ቀዶ ሐኪም ዲን ወይም ሜዲካል ዳይሬክተር ይሆናል፤ የበጀትና የግዥ ሕግ ግን ማንም አላስተማረውም። ቀኑ በፊርማና በስብሰባ ያልቃል፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሰው ያጣል፣ ሬዚደንቶቹም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች) መምህር ያጣሉ። ከሹመቱ በፊት አጭር የአስተዳደር ሥልጠና፣ ከሹመቱ ጋር ደግሞ ልምድ ያለው የፋይናንስ ባለሙያ ይሰጠው።

የመድኃኒት ተዘዋዋሪ ፈንድን መንካት

ተዘዋዋሪ ፈንድ መድኃኒት ተሸጦ በተገኘው ገንዘብ ሌላ መድኃኒት የሚገዛበት ነው። ነዳጅ ሲያልቅ ወይም አበል ሲዘገይ በአቅራቢያ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ ይህ ስለሆነ «በኋላ ይመለሳል» ተብሎ ይወሰዳል። መመለሱ ይዘገያል፤ በዚህ መካከል የመድኃኒት ዋጋ ስለሚጨምር ሙሉ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ የሚገዛው መጠን ያንሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ክፍያ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ መደርደሪያው ይራቆታል። መዋጮውን ከፍሎ የመድን ካርድ ይዞ የመጣ ገበሬ ማዘዣ ተሰጥቶት ወደ ግል ፋርማሲ የሚሄደው፣ ተማሪውም ሕክምናን በሌለ መድኃኒት የሚማረው ስለዚህ ነው። የፈንዱ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ያለ ፋርማሲው ኃላፊ ፊርማ አይውጣ፣ ቀሪውም በየወሩ ለማኔጅመንት ኮሚቴው ከጎደሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ጋር ይቅረብ።