ቢማሻንካር ስትሄዱ ግዙፉን ሽኮኮ እያያችሁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ህንድ ፑኔ ከተማ የምትማሩ ልጆች ዊክኤንድ ላይ ወደ ቢማሻንካር ጫካ ከወጣችሁ የህንዱን ግዙፍ የዛፍ ሽኮኮ ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ እዛ ሼክሩ ነው የሚሉት፣ የማሃራሽትራ ግዛት መለያ እንስሳ ነው። ጀርባው ቀይ ቡኒ፣ ሆዱ ክሬም፣ ጭራው ደሞ ረጅምና ጎፈር ያለ፣ በጣም ነው የሚያምረው።

መጀመሪያ፣ በቀትር ሄዶ መሬት መሬቱን ማየት። ይሄ እንስሳ ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፣ መሬት የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ደሞ ያርፋል። በጠዋት ወይ ወደ አመሻሹ ሂዱና አንጋጣችሁ ከቅርንጫፍ ወደታች የተንጠለጠለ ጭራ ፈልጉ።

ሌላው፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ለቪዲዮ እንዲንቀሳቀስ ብሎ ማጨብጨብና ድንጋይ መወርወር። ሼክሩ ሲፈራ ሁሌ አይሮጥም፣ ብዙ ጊዜ ግንዱ ላይ ልጥፍ ብሎ ድርቅ ነው የሚለው፣ እና እናንተ ለማዳ ነው ብላችሁ ስትጠጉት እሱ ጭንቅ ላይ ነው ያለው። እንደዛ ሲሆን ራቅ በሉለት እባካችሁ።

ብስኩትና ቺፕስ አትስጡት፣ ፍራፍሬ፣ ዘር፣ አበባና የዛፍ ልጣጭ ጫካው ይሰጠዋል።

ጎጆ ቆጥሮ "ኧረ ሞልተዋል" ማለትም ልክ አይደለም። ቅጠልና ጭራሮ እያጠላለፈ ትልቅ ክብ ጎጆ ይሠራል፣ ከባድ አዳኝ እንዳይደርስበት ቀጫጭን ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚያደርገው፣ እና አንዱ ሽኮኮ ብቻውን ብዙ ጎጆ ስላለው አምስት ጎጆ አያችሁ ማለት አምስት ሽኮኮ አለ ማለት አይደለም።

ከሁሉም የሚብሰው ግን "ዛፍ እስካለ ድረስ ምን ይሆናል" የሚለው ነው። ለሱ ዛፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ አናታቸው መገናኘት አለበት። ከዛፍ ዛፍ እስከ 6 ሜትር ገደማ ይዘላል፣ መንገድ ሲሰፋ ወይ ለማገዶ ቅርንጫፍ ሲመለመል ከዛ የሰፋ ክፍተት ይፈጠርና የግድ መሬት ይወርዳል፣ መሬት ላይ ደሞ ውሻ አለ መኪና አለ። ሐረግ መቁረጥ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ መሻገሪያውን ነው የምትቆርጡበት።

"አይዩሲኤን (የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት) የመጥፋት አደጋ ብዙም አያሰጋውም ብሎ የለ" የሚሉም አሉ፣ አዎ ብሏል፣ ግን ያው ድርጅት ቁጥሩ እየቀነሰ ነውም ይላል፣ በዛ ላይ በአንዴ የሚወልደው ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ነው። ቢማሻንካር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥብቅ ቦታ ነው፣ ወደ 130 ካሬ ኪሎሜትር ይሆናል፣ ግን ውስጡ ትልቅ የሂንዱ ቤተመቅደስ ስላለ የሚሳለመው ሰው ብዛት ለብቻው ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ የናንተን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁት ውረዱ።