«ከሥሩ ይነቅላል» ለሚል የመድኃኒት ማስታወቂያ፦ ሕጉ ምን ያያል፣ አቤቱታስ እንዴት ይጻፋል

ስለ አሳሳች የመድኃኒት ማስታወቂያ የሚጻፍ አቤቱታ ብዙ ጊዜ ውኃ የማያነሳው አቤት ባዩ ስለ ምርቱ ብቻ ስለሚጽፍ ነው። «ወሰድኩት፣ አልሠራልኝም፣ ገንዘቤን በሉኝ» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሻጩ «ለሌላው ሠርቷል» ካለ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የማስታወቂያ ሕግ በቅድሚያ የሚመረምረው የተነገረውን ቃል ነው። ምን ተባለ? የት ተባለ? ማን አለው? እነዚህን ሦስቱን በማስረጃ የያዘ ሰው ምርቱን ቀምሶት ባያውቅም አቤት ማለት ይችላል።

ቃሉ ይህን ያህል የሚከብደው አንድን ነገር በሕግ ፊት መድኃኒት የሚያደርገው ራሱ ስለሆነ ነው። የደረቀ ቅጠል ዱቄት ለሻይ ተብሎ ሲሸጥ ምግብ ነው። ያው ዱቄት በዚያው ማሸጊያ «የስኳር በሽታን ያድናል» ተብሎ ሲሸጥ መድኃኒት ይሆናል፤ ያውም ያልተመዘገበ። የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት መመሪያ (2001/83) በሽታን የማከም ወይም የመከላከል ባሕርይ አለው ተብሎ የቀረበን ማንኛውንም ነገር መድኃኒት ይለዋል። የአሜሪካ ሕግም ምርቱ ለምን እንደታሰበ የሚያነበው ሻጩ ከሚናገረው ነው። ስለዚህ «እኛ የምንሸጠው ምግብ ነው» የሚለው መከላከያ ከአንዲት «ያድናል» ከምትል ቃል ጋር አብሮ አይቆምም።

«ሻጩ ግን ከልቡ አምኖበት ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሜሪካኖች ይህን ጉዳይ በመከራ ነው የተማሩት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1906 የወጣው ሕግ ሐሰተኛ መለያን ከለከለ። በ1911 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሕጉ የሚከለክለው ስለ ይዘቱ መዋሸትን እንጂ የፈውስ ተስፋን አይደለም» ብሎ የካንሰር «መድኃኒት» ሻጭን ነፃ ለቀቀ። በ1912 የፈውስ ተስፋውም እንዲካተት ሕጉ ተሻሻለ፤ ሆኖም የማታለል ሐሳብ መኖሩን ማስረዳት ግድ ሆነ፤ ሻጭ ሁሉ «አምኜበት ነው» እያለ ያመልጥ ጀመር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1938 ነው። ያኔ ሕጉን ያስቸኮለው በ1937 ዳይኢታይሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ ተበጥብጦ የተሸጠ የሰልፋኒላማይድ (የባክቴሪያ ማከሚያ መድኃኒት) ሽሮፕ ከ100 በላይ ሰዎችን መግደሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ሽሮፑን ከገበያ ለመሰብሰብ የተገኘው ሕጋዊ ምክንያት ምን እንደነበር ልብ ይበሉ፦ በመለያው ላይ «ኤሊክሲር» ተብሎ መጻፉ። ቃሉ አልኮል ያለበት ማለት ሲሆን ሽሮፑ ግን አልኮል አልነበረውም። ገዳይ ፈሳሽ በአንዲት የተሳሳተች ቃል ተያዘ።

በአንዳንድ ጉዳዮችማ እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለው ክርክር ጭራሽ አይነሳም። የእንግሊዝ የ1939 የካንሰር ሕግ ካንሰርን አክማለሁ ብሎ ለሕዝብ ማስተዋወቅን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። የሕንድ የ1954 ሕግ 54 በሽታዎችን ዘርዝሮ ለእነሱ የፈውስ ማስታወቂያ ማውጣትን ከልክሏል፤ ክታብና ድግምትንም በስም ጠርቶ አስገብቷል። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ከአሜሪካና ከኒውዚላንድ በስተቀር በአብዛኛው ዓለም ክልክል ነው። እርስዎ የሚኖሩበት አገር ሕግ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቦታ ተበታትኖ ይገኛል፦ በመድኃኒት አዋጁ፣ በማስታወቂያ አዋጁና በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ። ሦስቱንም ያገላብጡ፤ አንዱ ያልያዘውን ሌላው ይይዘዋል።

ማስታወቂያውን መበለት

ለማሳያ ያህል እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንውሰድ፦

«ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል! 100% ተፈጥሯዊ፣ ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው። በ21 ቀን ኪኒንዎን ይሰናበቱ። ዶክተሮች የሚመክሩት። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ድነውበታል። ካልሠራ ገንዘብዎ ተመላሽ ነው።»

ስድስት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱን ለየብቻው ቁጥር ሰጥተው ይጻፉት። በአውሮፓው መመሪያ አንቀጽ 90 መሠረት ብንመዝነው ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ከባድ ጥያቄ ያስነሳሉ። አንቀጹ ውጤቱ የተረጋገጠ ነው ወይም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም ብሎ ማሳመንን ይከለክላል። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ፈዋሽ ነው ወይም አይጎዳም ማለትን፣ ሐኪም ማየት አያስፈልግም የሚል ስሜት መፍጠርን፣ የሐኪምን፣ የተመራማሪን ወይም የታዋቂ ሰውን ምክር መጥቀስን፣ ተገቢ ባልሆነ ወይም በሚያሳስት መንገድ ስለ ዳኑ ሰዎች ማውራትንም ይከለክላል። የሌሎች አገሮች ሕጎችም በዚሁ ዙሪያ ይሽከረከራሉ።

ከስድስቱ መካከል ከሁሉ የከፋው «ኪኒንዎን ይሰናበቱ» የሚለው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የዓይነት አንድ ስኳር ሕመምተኛ ይህን አምኖ ቢያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ሆኖ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሐረግ ካገኙ በአቤቱታዎ አናት ላይ ያድርጉት፤ ተቆጣጣሪው የትኛውን ጉዳይ ዛሬ፣ የትኛውን በሚቀጥለው ወር እንደሚያይ የሚወስነው በሕይወት ላይ ባለው አደጋ ነው።

የገንዘብ ተመላሽ ተስፋው ሌላ ነገር ነው። ሐሰተኛውን «ያድናል» እውነት አያደርገውም፤ ግን ራሱን የቻለ ግዴታ ሊሆን ይችላል። በ1893 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ የሚታጠን የጭስ ኳሱን በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው 100 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ በጋዜጣ ካወጣ በኋላ «ለማስታወቂያ ያህል ነው» ቢልም ፍርድ ቤት አስከፍሎታል። ደረሰኙን የማይጥሉት ለዚህ ነው።

ጠንቃቃ ሻጮች «ያድናል» አይሉም። «የስኳር መጠንን ለማስተካከል ያግዛል» ይላሉ፤ ከታችም በትንንሽ ፊደል «ይህ ምርት በሽታን ለማከም የታሰበ አይደለም» ብለው ይጨምራሉ። ይህ ማስጠንቀቂያ የመጣው አሜሪካ ለተጨማሪ ምግቦች (እንደ ቫይታሚን ኪኒን ላሉት) በ1994 ካወጣችው ሕግ ነው። የሰውነትን ሥራ ይደግፋል ለሚል አባባል እንጂ ለፈውስ ተስፋ ሽፋን አይሆንም። እዚህ ላይ መታየት ያለበት አጠቃላይ ምስሉ ነው። ከ320 ወደ 95 የወረደ የስኳር መለኪያ ፎቶ ጎን ለጎን ከተለጠፈ ማስታወቂያው ከአፉ ሳያወጣ «ያድናል» ብሏል። ሻጩ መርጦ የለጠፋቸው የደንበኞች ምስክርነቶችም፣ በኮሜንት «አዎ ለካንሰርም ይሆናል» ብሎ የሰጠው መልስም፣ በኢንቦክስ የላከው የድምፅ መልእክትም የማስታወቂያው አካል ተደርገው ይቆጠራሉ። እንዲያውም በይፋ ጨዋ የሆነ ገጽ የልቡን የሚናገረው በኢንቦክስ ነው።

ቁጥሩን ማረጋገጥ

«የተመዘገበ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። የንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምልክት ምዝገባ፣ የጥራት ሥርዓት የምስክር ወረቀት፣ በኤፍዲኤ (በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) የተመዘገበ ፋብሪካ፣ ሁሉም እውነተኛ ወረቀቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳቸውም ግን ምርቱ በሽታን እንደሚያድን ተመርምሮ ተረጋግጧል ማለት አይደሉም። ኤፍዲኤ ተጨማሪ ምግቦችን ወደ ገበያ ከመግባታቸው በፊት አያጸድቅም፤ ስለዚህ በተጨማሪ ምግብ ላይ «በኤፍዲኤ የጸደቀ» የሚል ጽሑፍ ካዩ እሱ ራሱ አንድ ሐሰት ነው፤ ይመዝግቡት።

የምዝገባ ቁጥር ከተሰጠዎት የአገሩ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ በቁጥሩ ይፈልጉት። ቁጥሩ መገኘቱ ብቻ አይበቃም። የመድኃኒቱን ስም፣ የሚሊግራም መጠኑን፣ ኪኒን ይሁን ሽሮፕ፣ የአምራቹን ስምና አገር፣ ለየትኛው ሕመም እንደተፈቀደ አንድ በአንድ ያስተያዩ። የተለመደው ማጭበርበሪያ የሌላ ምርት ቁጥር መገልበጥ ነው፦ ቁጥሩን ሲከፍቱት የሳል ሽሮፕ ሆኖ ይገኛል።

«በጥናት የተረጋገጠ» ለሚለው ደግሞ አራት ጥያቄ ይበቃል። የተጠናው ይሄው ምርት ነው ወይስ ከውስጡ አንዱ ቅመም? መጠኑ አሁን ከሚሸጠው ጋር እኩል ነው? የተሞከረው በሰው ነው ወይስ በአይጥና በብርጭቆ ውስጥ ባለ ሴል? ምርቱን ካልወሰደ ቡድን ጋር ተነጻጽሯል? ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁት፤ መልሱንም ዝምታውንም ያስቀምጡ። በብዙ አገር ማስረጃውን ከማስታወቂያው በፊት በእጁ መያዝ ያለበት አስተዋዋቂው ነው። ምርቱ እንደማይሠራ ማስረዳት የእርስዎ ሸክም አይደለም።

ማስረጃ መያዝ፣ በቅደም ተከተል

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሻጩን ኮሜንት ላይ ይሰድባል፤ ሻጩ ፖስቱን አጥፍቶ ሰውየውን ብሎክ ያደርገዋል። ወይም መጀመሪያ ለፌስቡክ ሪፖርት ያደርጋል፤ ማስታወቂያው ይነሳል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ትክክለኛው ተራ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ለተቆጣጣሪው ማመልከት፣ በመጨረሻ ለመድረኩ ሪፖርት ማድረግ ነው።

ስክሪንሾቱ የገጹን ስም፣ የፖስቱን ቀንና ሙሉ ጽሑፉን ይያዝ፤ «ተጨማሪ ይመልከቱ» የሚለውን ሳይነኩ ማንሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዋናው ተስፋ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተደብቋል። ፎቶውን አይቁረጡት፣ ቀይ ክብም አይሣሉበት፤ ምልክት ማድረግ ከፈለጉ በቅጂው ላይ ያድርጉ። የፖስቱን ሊንክ ለብቻው ይገልብጡ፤ የገጽ ስም በአንድ ሌሊት ይቀየራል። የቀጥታ ሥርጭት ከሆነ በሌላ ስልክ ይቅረጹና አባባሉ የተነገረበትን ደቂቃና ሰከንድ ይጻፉ። የተከፈለበት ማስታወቂያ ከሆነ የሜታ «አድ ላይብረሪ» ውስጥ የገጹን ስም ቢፈልጉ በሥራ ላይ ያሉ ማስታወቂያዎቹን ከነመለያ ቁጥራቸውና ከጀመሩበት ቀን ጋር ያገኛሉ። በሬዲዮ ለተነገረ ማስታወቂያ የጣቢያው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በቂ ነው፤ ቅጂውን ተቆጣጣሪው ከጣቢያው መጠየቅ ይችላል።

ምርቱን ገዝተው ከሆነ የተረፈውን አይጣሉ፣ ወደ ሌላ ዕቃም አይገልብጡ። ከነማሸጊያው ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ባች ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያውን ፎቶ ያንሱ። በቤተ ሙከራ ሊመረመር የሚችለው ይህ ነው።

ምርመራው ለምን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ለራስዎም ይጠቅማል። «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብሎ በተሸጠ ምርት ውስጥ ያልተጻፈ ኬሚካል በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በማክሳሻ ውስጥ ሲቡትራሚን (ለልብና ለደም ሥር አደጋ ሲባል በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ)፣ በወንዶች «ኃይል ሰጪ» ውስጥ ሲልደናፊል (የቪያግራ መድኃኒት)፣ ለስኳር በሽታ በሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ግሊቤንክላማይድ (የስኳር በሽታ ኪኒን)፣ በመገጣጠሚያ ሕመም ኪኒን ውስጥ ዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ መድኃኒት)። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ሲልደናፊል ቢወስድ የደም ግፊቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ዴክሳሜታዞን ያለበትን ደግሞ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንዴ ማቆሙ ራሱ አደጋ አለው፤ ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በሦስት ቀን ሕመሙን ያጠፋ» የዕፅዋት ኪኒን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ፣ ዕቃውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አቤቱታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አቤቱታው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቁጣውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በዚህ ሊንክ በሚገኝ ገጽ፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት፣ የሚከተለው ማስታወቂያ ተሰራጭቷል። አባባል 1፦ ‹በ21 ቀን ኪኒንዎን ይሰናበቱ›። ይህ ሕመምተኞች የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዲያቆሙ ይገፋፋል። አባባል 2፦ ‹ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል›። ምርቱን በምዝገባ ዝርዝር ውስጥ በዚህ ቀን ፈልጌ አላገኘሁትም። አባባል 3፦ ‹ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው›። ሻጩን ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቄ መልስ አልሰጠም። አባሪ፦ ሦስት ስክሪንሾት፣ የኢንቦክስ ልውውጥ፣ ደረሰኝ። ያልተከፈተ አንድ ዕቃ በእጄ አለ፤ ለምርመራ ማቅረብ እችላለሁ።»

ቃሉን በጥቅስ ውስጥ እንዳለ፣ ከነፊደል ስሕተቱ ይገልብጡት። «ሌባ»፣ «አጭበርባሪ» የሚሉትን ቃላት ያስወጡ፤ ምንም አይጨምሩም፣ ሻጩ በስም ማጥፋት እንዲያስፈራራዎት ግን በር ይከፍታሉ። በዚሁ ምክንያት ውሳኔ ሳይሰጥ የሻጩን ስም በራስዎ ገጽ ላይ አያሰራጩ።

ዋናውን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው፣ ግልባጩን ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤትና፣ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ከተላለፈ፣ ለብሮድካስት ተቆጣጣሪው ይላኩ። የመዝገብ ቁጥር ይጠይቁ፤ ያለ እሱ ክትትል የለም። በአካል ካስገቡ በእርስዎ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚሞላበት የተለየ ቅጽ አለ፤ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ሊሞሉት ይችላሉ፤ ከማስታወቂያው አቤቱታ ጋር አይቀላቅሉት፤ የሚያዩት ክፍሎች የተለያዩ ናቸው።

ማመልከቻው መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ፖስቱን ለመድረኩ ሪፖርት ያድርጉ። በየሁለት ሳምንቱ ገጹን መለስ ብለው ይዩት። ያው ምርት በአዲስ ስም፣ ፊደሎቹ በነጥብ ተለያይተው («ስ.ኳ.ር») ወይም በኢሞጂ ተተክተው ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ አዲስ አቤቱታ አይክፈቱ፤ በቀድሞው የመዝገብ ቁጥር አዲሱን ሊንክ ያያይዙ። የስልክ ቁጥሩ ወይም የባንክ ሒሳቡ ያው ከሆነ ይህንኑ በአንድ መስመር ይጥቀሱ፤ ስም የቀየረ ሻጭ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ገንዘብ በሚቀበልበት ሒሳብ ነው።