ኦስቦርን ሃውስን ለመጎብኘት

በእንግሊዝ ደቡብ፣ በዋይት ደሴት የሚገኘው ኦስቦርን ሃውስ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1851 ያሠሩት የገጠር መኖሪያ ነው። ለእኛ ግን ከዚህም በላይ ነው፤ ከመቅደላ የተወሰደው የአጤ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ከንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚሁ ነበር።

ቤቱን የሚያስተዳድረው እንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ስለሆነ ትኬቱን አስቀድመው በኢንተርኔት ይግዙ። በእንግሊዝ የብርድ ወራት ቤቱ የሚከፈትባቸው ቀናት ስለሚቀንሱ የመርከቡን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ሰዓቱን ያረጋግጡ። ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ኢስት ካውስ የሚያደርሰው መርከብ ለቤቱ ቅርብ በሆነው ወደብ ያወርድዎታል። ለጉብኝቱ ሙሉ ቀን ይመድቡ።

ከእንግዳ መቀበያው ሳሎን ቀጥሎ ባለው የቢሊያርድ ክፍል ሳይቸኩሉ ይቁሙ። ሁለቱን የሚለያቸው ግድግዳ ሳይሆን የዓምዶች ረድፍ ነው፤ ንግሥቲቱ ባሉበት መቀመጥ ነውር ስለነበር፣ ባለሟሎቹ ከማዕዘኑ ወዲያ፣ ከዓይናቸው ተሰውረው ግን ሲጠሩ ሊሰሙ በሚችሉበት ርቀት አረፍ ይሉ ነበር። የቤተ መንግሥትን ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በቤቱ ውስጥ ከእብነ በረድ የተቀረጹ የንግሥቲቱ ሕፃናት ልጆች እጅና እግርም ይታያሉ፤ ጠጋ ብለው ጣቶቹን ይመልከቱ፣ የእናት ናፍቆት ከነዚያ ይነበባል።

ፎቅ ላይ ሁለቱ ባለትዳሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠሩባቸው የነበሩት ጠረጴዛዎች፣ እንዲሁም ንግሥቲቱ በጥር 1901 ያረፉበት መኝታ ክፍል አለ። እነዚህ የግል ክፍሎች ከሞታቸው በኋላ በብረት በር ተዘግተው እስከ 1954 ድረስ ለሕዝብ አልተከፈቱም፤ እስካሁን እንዲህ ተጠብቀው የቆዩትም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን ጨርቁንና ቀለሙን ስለሚጎዳ ክፍሎቹ ደብዘዝ ይላሉ፤ ዓይንዎ እስኪለምድ ይታገሡ። ዱርባር የተባለውን፣ ሕንዳዊው ባለሙያ ባይ ራም ሲንግ ያስጌጠውን አዳራሽ ሲያዩ ደግሞ ወደ ጣራው ቀና ይበሉ።

ከቤቱ ሲወጡ የንግሥቲቱ ልጆች ምግብ ማብሰልና አትክልት መትከል ወደተማሩበት የስዊስ ጎጆ ይሂዱ፤ የስማቸው መነሻ ፊደል የተጻፈባቸው ትናንሽ የእጅ ጋሪዎች አሁንም አሉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይውረዱ።

በደሴቲቱ ማደር ከቻሉ በማግስቱ ወደ ምዕራቡ ጫፍ፣ ወደ ፍሬሽዋተር ይለፉ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዓለማየሁን ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ፎቶግራፍ ያነሳችው በዚያ ሲሆን፣ ዲምቦላ የተባለው መኖሪያዋ ዛሬ ሙዚየም ነው።