ክሊኒካል ፋርማሲስት ያዋጣል? በሂሳቡ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ክሊኒካል ፋርማሲስት በዋርድ (ታካሚዎች በሚተኙበት ክፍል) ከሐኪሞች ጋር ሆኖ የታዘዘውን መድኃኒት የሚከታተል ባለሙያ ነው። የሆስፒታል በጀት ሲከለስ ስለ እሱ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ «ዋርድ ውስጥ ካርድ ሲያገላብጥ የሚውለው ፋርማሲስት ምን ያስገባል?» የመጀመሪያው ስህተት ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው። መስኮት ላይ የሚያድለው ፋርማሲስት ሽያጩ በደረሰኝ ይታያል። የዋርዱ ባለሙያ ፍሬ ግን የተሰረዘ አላስፈላጊ መድኃኒት፣ ሳይደርስ የቀረ ጉዳት፣ ቀድሞ የተለቀቀ አልጋ ነው። ደመወዙን በወጪ ጽፎ በገቢ በኩል ሽያጭ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ኪሳራ ያገኛል።

ሁለተኛው ስህተት ቁጠባን በመድኃኒት ዋጋ ብቻ መለካት ነው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ ምግብ ጀምሯል እንበል፤ ትኩሳቱ ወርዷል፣ አያስመልሰውም። ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር መሰጠቱ ቀጥሏል። ይህ መድኃኒት ሲዋጥም ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ስለሚገባ ፋርማሲስቱ በራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት) ላይ ወደ ክኒን እንዲቀየር ይጠይቃል። በጠርሙሱና በክኒኑ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የቁጠባው ጥቂቱ ክፍል ነው። የመስጫ ቱቦው፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ካኑላ፣ የነርሷ የቀን ሦስት ምልልስ፣ የደም ሥር መቆጣቱ፣ ታካሚው ለዚህ መድኃኒት ሲል ብቻ የሚያድራቸው ሌሊቶች ሁሉ ይቆጠራሉ። መድኃኒት የሚያስጨምርበት ጊዜም አለ። ከአልጋ የማይነሳና ለደም መርጋት የተጋለጠ ታካሚ መርጋቱን የሚከላከለው ሄፓሪን ሳይታዘዝለት ከቀረ ማስታወስ ሥራው ነው። ያን ዕለት የመድኃኒት ወጪ ጨመረ ማለት አገልግሎቱ ከሰረ ማለት አይደለም።

ሦስተኛውን የሚሠሩት ደግሞ የአገልግሎቱ ደጋፊዎች ናቸው፤ ሐኪም የተቀበለውን ምክር ሁሉ «የዳነ ብር» ብለው ይደምሩታል። ክሬአቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት) ከፍ ያለ ታካሚ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው የጄንታማይሲን መድኃኒት መጠኑ መስተካከል አለበት። ባይስተካከል ግን የሁሉም ኩላሊት ይጎዳ ነበር ማለት አይደለም። ስለዚህ የጉዳቱ ወጪ ሊደርስ በሚችልበት ዕድል ይባዛል። ዕድሉንም ምክሩን የሰጠው ራሱ ሳይሆን ሌላ ባለሙያ ቢገምተው ይታመናል።

ከዚያ የማን ኪስ እንደሚሰላ ሳይወስኑ መጀመር ይመጣል። ከወገልጤና ደሴ የመጣ ታካሚ አንድ ቀን ቀድሞ ቢወጣ አልጋው ወዲያው ሌላ ሰው ይተኛበታል፤ የሆስፒታሉ ካዝና ውስጥ የተረፈ ብር አይታይም። የተጠቀመው አስታማሚው ነው፤ የማደሪያና የምግብ ወጪው ቀረለት፣ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሌላም ከፋይ አለ። ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ለመድን አባል ከታዘዘው መድኃኒት የሚቀነሰው ወጪ የመድኑን ቋት ያሳርፋል።

አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያለውን ወጪ እንዲሁ ማነጻጸርም ያሳስታል። በቆቦ ቆላ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበዛል፤ የሐምሌን ወጪ ከጥቅምት ጋር ማስተያየት የሚለካው ወቅቱን ነው። በጦርነቱ የወሎ ሆስፒታሎች የተዘረፉበት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ለንጽጽር መነሻ አይሆንም። አገልግሎቱ ያልተጀመረበት ተመሳሳይ ዋርድ ጎን ለጎን ቢታይ ይሻላል።

የውጭ አገር ጥናት ውጤትን በዶላር ምንዛሪ አባዝቶ ማቅረብም ዋጋ የለውም፤ ደመወዙም የአልጋ ወጪውም የተለየ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ የመጨረሻው ነው። ፋርማሲስቱ ለዋርድ ይመደባል፤ መስኮቱ ሲጨናነቅ ይጠራል፣ የመጋዘን ቆጠራ ሲመጣ ይወሰዳል። በዓመቱ መጨረሻ ሙሉ ደመወዙ ከግማሽ ሥራው ጋር ተነጻጽሮ «አላዋጣም» ይባላል። ከመፍረድ በፊት በራውንድ ላይ የተገኘባቸው ቀናት ከመዝገቡ ይቆጠሩ።