ቻርጀሩን ሳትቀይሩ ድንጋዩን አትቀይሩ፦ በእጅ ባትሪ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ባትሪ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። መብራት ሲሄድም፣ ሌሊት ለማኅሌት ሲኬድም፣ ዘበኛው ግቢውን ሲዞርም የሚያዘው እሱ ነው። የከተራ ለት ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ለሚያድር ሰው ደግሞ ከጋቢው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ወደ ጥገና ቤታችን ከሚመጣው ዕቃ ብዙው የእጅ ባትሪ ስለሆነ ተመሳሳይ ስህተት ሲደጋገም አያለሁ። አብዛኛው ስህተት ገንዘብ ብቻ ያስከፍላል። አንዱ ግን ቤት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የአሲዱን ድንጋይ በሊቲየም ተክቶ የድሮውን ቻርጀር መተው

በርካሽ የሚሸጠው፣ ከሆዱ ሁለት ጥርስ እየወጣ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው ባትሪ በአብዛኛው ውስጡ ባለ 4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ድንጋይ አለው። ያ ድንጋይ ሲሞት የሰፈር ጠጋኝ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 የሚባል የሊቲየም ድንጋይ ፈልጎ ሁለቱን ሽቦ ይበይድና ያበራል። ይበራል። እንዲያውም ከበፊቱ ደምቆ ይበራል። የሞላ ሊቲየም 4.2 ቮልት ስለሆነ ከድሮው ጋር ይቀራረባል፤ አምፖሉ ልዩነቱን አያውቀውም። ችግሩ የሚደበቀውም እዚህ ላይ ነው፤ ስለበራ ብቻ ተስማማ ተብሎ ለባለቤቱ ይሰጣል።

የማይስማማው መሙያው ነው። የእነዚህ ባትሪዎች ቻርጀር ትራንስፎርመር የለውም። ከ220 ቮልቱ መስመር አንድ ካፓሲተር ጥቂት ከረንት ያሳልፋል፣ ዳዮዶቹ ያስተካክሉታል፣ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፤ በቃ። «ሞልቷል» ብሎ የሚያቆም ነገር የለበትም። የአሲድ ድንጋይ ከሞላ በኋላ ትንሽ ቢገፋ ውሃውን እያጣም ቢሆን ለጊዜው ይችለዋል። ሊቲየም አይችልም። 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት። ከዚያ አልፎ ሲገፋ ውስጡ ይበላሻል፣ ይሞቃል፣ ጋዝ ይሞላል፣ መጨረሻው እሳት ሊሆን ይችላል።

«መከላከያ ቦርድ ያለው ድንጋይ ነው የገጠምኩት» የሚሉኝ አሉ። ይህም አያድንም። ቦርዱ 4.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ መስመሩን ይቆርጣል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የካፓሲተር ቻርጀር የሚሞላው ነገር ሲያጣ ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል፤ መቶዎች ሊደርስ ይችላል። የመከላከያ ቦርዷ ትራንዚስተር ደግሞ በአብዛኛው ከ20 ቮልት በላይ አትችልም። ትቃጠላለች፤ ስትቃጠል ብዙ ጊዜ ሾርት ሆና ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ያለ ምንም መከላከያ ይሞላል ማለት ነው።

አንድ ሽማግሌ ከአዘዞ ያመጡት ባትሪ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የፕላስቲኩ ሆድ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የድንጋዩ ልባስ ጠቁሮ ተኮማትሯል፣ በፖዘቲቩ ጫፍ በኩል የነበረው ክዳን ተገንጥሏል።

«ልጄ፣ አልጋው ሥር ሰክቼው ነው የተኛሁት። ሽታው ቀሰቀሰኝ» አሉኝ።

«አባባ፣ ድንጋዩን ማን ነው የቀየረልዎት?»

«የጎረቤት ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው እኮ።»

እውነታቸውን ነው። ልጁን አስጠርቼ አብረን ከፈትነው፤ ብየዳው ንጹሕ ነበር፣ ሽቦዎቹን በሥርዓት አስሯል። እንዲህ ያለ እጅ ያለውን ልጅ ማንም ስለ ቻርጀሩ አልነገረውም፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ድንጋዩን የሚሸጥለት ሰው ገንዘቡን ሲቀበል አንድ ቃል ቢጨምርለት ምን ነበረበት?

ሊቲየም መግጠም ከፈለጋችሁ የድሮውን ቻርጀር ቦርድ ነቅላችሁ አውጡ። ሁለቱን ጥርሶችም ቁረጡ፤ ካልቆረጣችኋቸው ከቤተሰቡ አንዱ በልማድ መልሶ ይሰካዋል። በምትኩ ቲ ፒ 4056 የምትባለውን ትንሽ ቦርድ ግጠሙ። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ትሠራለች፣ 4.2 ላይ ራሷ ታቆማለች፣ ስትሞላ ቀይ ታበራለች፣ ስትጨርስ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ሁለት ዓይነት አለች፤ መከላከያ ያላትን ግዙ፤ ለድንጋዩ ሁለት፣ ለአምፖሉ ደግሞ ሌላ ሁለት የመበየጃ ቦታ ያላት እሷ ናት። የአምፖሉን ሽቦ ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን «አውት» ከሚለው ላይ አውጡ፤ ያለዚያ ድንጋዩ እስከ መጨረሻው እንዳያልቅ የሚጠብቀው የለም። ከፋብሪካ ስትወጣ በ1 አምፔር ነው የምትሞላው። ይህ ለ18650 ልክ ነው፤ 500 ኤም ኤ ኤች (ኤም ኤ ኤች ድንጋዩ የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ ነው) ለሆነ ትንሽ ድንጋይ ግን ይበዛል። ላይዋ ያለችውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በ5 ኪሎ ኦም ብትተኳት ወደ 250 ሚሊ አምፔር ይወርዳል።

ሶኬት ላይ እያለ መያዝ

እነዚያ ጥርስ ያላቸው ባትሪዎች ቻርጀራቸው ከመስመሩ ስላልተለየ፣ ሲሰኩ የውስጡ ብረት ሁሉ፣ ድንጋዩን ጨምሮ፣ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም ክዳኑ የወለቀ ከሆነ አትሰኩት። ሶኬት ላይ እያለ አታብሩት፣ አትክፈቱት፣ ልጆችም እንዳይነኩት። ነቅላችሁም ጥርሶቹን ወዲያው አትንኩ፤ ካፓሲተሩ የያዘው አለ።

9,900 ኤም ኤ ኤች የሚል ጽሑፍ ማመን

18650 የሚባለው 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው ነው። በዚያ መጠን ውስጥ ፓናሶኒክ፣ ሳምሰንግና ኤል ጂ ለዓመታት ሲሠሩ የቆዩት ትልቁ 3,500 ኤም ኤ ኤች አካባቢ ነው። 5,000 የሚደርሰው ወፍራሙና ረጅሙ 21700 ነው፤ እሱ ደግሞ ለ18650 በተሠራ ባትሪ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ 9,900 የተጻፈበትን ስታዩ ጽሑፉ ውሸት መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ ማወቅ ትችላላችሁ። ጥርጣሬ ካላችሁ አስመዝኑት፤ ብር ሠሪዎች ዘንድ ትንሽ ሚዛን አይጠፋም። ደህናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 30 ግራም አካባቢ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። አንዱን ከፍተን ስናይ ጣት የምታክል ትንሽ ድንጋይ በነጭ ዱቄት ተከባ አግኝተናል። ባለ 2,600 ደህና የላፕቶፕ ድንጋይ ከዚያ አሥር እጅ ይሻላል።

ከላፕቶፕ የወጣውን ሳይለኩ መግጠም

ላፕቶፕ አልሠራ አለ ማለት ድንጋዮቹ ሁሉ ሞተዋል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ናቸው የሚደክሙት። ስለዚህ ልማዱ ጥሩ ነው፣ እኛም እናደርገዋለን። ግን በቴስተር ለኩ። ከ2 ቮልት በታች ሆኖ የቆየውን ለማስነሣት አትሞክሩ። ያን ያህል ባዶ ሆኖ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፣ ስትሞሉት ተመልሶ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። ከ2.5 በላይ የሆነውን ሙሉት፣ ሳምንት አስቀምጡት፣ እንደገና ለኩት። 4.1 አካባቢ ካለ ደህና ነው። 3.9 እና ከዚያ በታች ከወረደ ራሱን በራሱ እየበላ ነውና ይቅርባችሁ። እየሞላችሁ ሳለ ከሞቀም እንዲሁ።

ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ስታስሩ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቮልት ላይ አድርሱ። አንዱ 4.2 ሌላው 3.2 ሆነው ከተገናኙ ሙሉው ባዶው ላይ ያለ ልክ ይለቅበታል።

በስታኞ ካውያ ድንጋዩን መጥበስ

የድንጋዩ ጫፍ ላይ ካውያውን አስቀምጦ ስታኞው እስኪይዝ መጠበቅ ውስጡን ይጎዳል። የብረት ቅጠሉ ከላፕቶፑ ፋብሪካ እንደተበየደ ካለ እሱን አትንቀሉት፣ በእሱ ላይ በይዱ። ከሌለ የድንጋይ ማስቀመጫ ቤት ገዝታችሁ ድንጋዩን ሳትበይዱ እሱ ውስጥ አስገቡት።

ልባሱ የተቀደደ ድንጋይ

ከፖዘቲቩ ክዳን በስተቀር ቆርቆሮው ሁሉ፣ እስከ አንገቱ ዙሪያ ድረስ፣ ኔጋቲቭ ነው። ልባሱ ከተላጠ የባትሪውን ብረት ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መያዝም ያው ነው።

በ1.5 ቮልት ድንጋይ ቦታ 14500 ማስገባት

14500 የትንሹን (ኤ ኤ) ድንጋይ መጠን ያለው ሊቲየም ነው። መጠኑ ልክ ይገባል፤ ቮልቱ ግን 3.7 ነው፣ ለዚያ ያልተሠራ አምፖል ይቃጠላል።

ተራውን ድንጋይ መሙላት

አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ድንጋይ ቻርጀር ላይ አታስገቡ። ፀሐይ ላይ ማስጣትም የምታስገኘው ጥቂት ደቂቃ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ያፈሳል፣ የባትሪውን ስፕሪንግ ይበላዋል።

ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ማስቀመጥ

የአሲዱና የሊቲየሙ ጠባይ ተቃራኒ ነው። የአሲድ ድንጋይ ባዶውን ከቆየ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና አይነሣም፤ ስለዚህ ሙሉውን አስቀምጡት፣ ባትጠቀሙበትም በየሁለት ሦስት ወሩ ሙሉት። ሊቲየም ደግሞ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ 3.7 ወይም 3.8 ቮልት ይበቃዋል። ሙሉውን ሙቀት ውስጥ፣ ለምሳሌ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ወይም የባጃጅ መስታወት ፊት፣ ከተዋችሁት ያረጃል።

ስትሞሉ በሲሚንቶ ወለል ወይም በሸክላ ላይ አድርጉት፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ በፍጹም። መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመለስ ከሚመጣው ኃይል ርካሽ ቻርጀር ላይተርፍ ይችላል። ያበጠ ወይም የሚሸት ድንጋይ ካያችሁ አትብሱት፣ ወደ ውጭ አውጡት፣ ጭሱን አትሳቡት።

ስሜን ላይ በጠዋት መሙላት

ይህ ከደባርቅ ለሚመጡት ስካውቶችና አስጎብኚዎች ነው። ስሜን ተራሮች ላይ የሚታደርባቸው ግጭና ጨነቅ ከ3,500 ሜትር በላይ ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሊቲየም በብርድ ማብራቱን ያበራል፣ ጊዜው ብቻ ያጥራል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ ግን ሊቲየሙ እንደ ብረት ውስጡ ላይ ይለበጣል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። ከተማ ላይ ደህና ሆኖ ተራራ ላይ ብቻ ቶሎ ካለቀ ብርዱ ነው፤ ከተማ ተመልሶም ቶሎ የሚያልቀው ድንጋይ ግን በዚህ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ድንጋዩን ከልብሳችሁ ሥር ይዛችሁ እደሩ፤ ድንኳን ውጭ ያደረ ከሆነ ፀሐይ ወጥታ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁና ከዚያ ፓወር ባንኩ ላይ ሰኩት።